በጥቁር እጅ የተነሳ ክርስትና

ኦስሎ ተወልዶ፣ ኦስሎ አድጎ፣ እስከ ሃያ አምስት ዓመቱ ብስክሌት ያልነዳ ሰው ቢፈለግ ከየምሥራች አቤሴሎም ሌላ መገኘቱን እጠራጠራለሁ። እኩዮቿ ገና መዋዕለ ሕፃናት ሳሉ በሁለት ጎማ ሲከንፉ፣ እሷ ሮመን ሠፈር ካለው ቤታቸው ፎቅ መስኮት ላይ ሆና ነበር የምታያቸው። ችግሩ የመግዣ አልነበረም። ብስክሌት ደጃቸው እንዳይደርስ የከለከሉት አባቷ አቶ አቤሴሎም ናቸው። ለምን ሲባሉ «ብስክሌት ምን እንዳመጣብኝ እኔ ነኝ የማውቀው» ይሉና ጋዜጣቸውን ይገልጣሉ። ከዚያ በላይ አንድ ቃል አይወጣቸውም።

ስለዚህ ባለፈው ዓመት ይልቃል ኮርቻውን ከኋላ ይዞ «መሬቱን ተይው፣ ፊት ለፊት እዪ» እያለ ሲያስሮጣት፣ የተከበረችው የጥርስ ሐኪም ሁለት ጊዜ አጥር ላይ ወጥታለች፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የሰው ውሻ ላይ ልትወድቅ ለጥቂት ተርፋለች። በሦስተኛው ሳምንት ኮርቻውን መልቀቁን ሳታውቅ ሃያ ሜትር ያህል ሄደች። ዞር ስትል እሱ ከሩቅ ቆሞ በሁለት እጁ አፉን ይዞ ይስቃል። የወደደችው ያኔ ነው። ለራሷ ያመነችው ግን በረዶ መጣል ሲጀምር ነው።

ይልቃል ዘመድ የለውም። ካርቱም ተወልዶ እናቱን በስድስት ዓመቱ አጣ፣ ጎረቤት አሳደገው፣ ሲጎረምስ የስደቱን መንገድ ያዘ። አሁን ሃያ ስምንት ዓመቱ ነው። ሃውገንስቱዋ አንድ ክፍል ተከራይቶ ይኖራል፤ ጎህ ሲቀድ ቢሮ ያጸዳል፣ ከረፋድ ጀምሮ ኦከርን ባለ ጋራዥ ብስክሌት ይጠግናል። እሁድ ጠዋትም ሥራ ስለሚገባ ቤተ ክርስቲያን የሚደርሰው ምእመናኑ ከተበተኑ በኋላ ነው። የየምሥራች አባት ከሚያስቀድሱባት ቤተ ክርስቲያን ለሦስት ዓመት ሲመላለስ አንድም ቀን ዓይን ለዓይን አልተገጣጠሙም።

አቶ አቤሴሎም ስለ ልጁ በሰሙ ጊዜ «ሥራውን አልናቅሁም» ነበር ያሉት። «እኔም ሃያ ዓመት ወለል ወልውዬ ነው ያስተማርኩሽ። ግን የማን ልጅ ነው? ሰው እንዴት አንድ ‹አውቀዋለሁ› የሚለው ዘመድ ያጣል?»

«አባዬ፣ ስሙ እኮ...»

እጃቸውን አንስተው አስቆሟት። «ስሙን ካንቺ አልሰማም። ሽማግሌ ይላክ፤ ስሙንም ዘሩንም ሽማግሌው ይንገረኝ።»

ሽማግሌዎቹ ነገ እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሮመን ይሄዳሉ። ጋሽ ፊሊሞን ሁለት ሰው አስከትለው ሊቀርቡ ቃል ገብተዋል። እናቷ ወይዘሮ ሮማነወርቅ የልጁን ፎቶ ቀድመው በስልክ አይተው «ዓይኑ ደግ ነው» ብለዋል፤ ለባላቸው ግን ትንፍሽ አላሉም። እናም ዛሬ ቅዳሜ፣ ሰኔ ገብቶ ፀሐይዋ አልጠልቅ ባለችበት ሰሞን፣ ሁለቱ ፍቅረኞች ብስክሌታቸውን ጭነው ከከተማው ወደብ ተነሱ። ከሠርጋቸው ማግስት ለሰባት ቀን ወደ ደቡብ፣ መኪና በማይገባባቸው የባሕር ዳር መንገዶች ብቻ ሊጓዙ አቅደዋል። የዛሬው ልምምድ ነው። ድንኳኑም ምድጃውም ተጭኗል፤ ካርታው በእሷ ብስክሌት መሪ ላይ ባለችው ትንሽ ቦርሳ ውስጥ ነው። ሰባቱን ማደሪያዎች በቀይ እስክርቢቶ አክብባቸዋለች፣ እያንዳንዷን ክብ ባየች ቁጥርም ደስ ይላታል።

የአውራ ጎዳናው ጩኸት ሊሳከር ድረስ ተከትሏቸው ቀረ። ከዚያ ወዲያ የጎማቸው ድምፅና የውሃው ብቻ ሆነ። በግራቸው ፊዮርዱ፣ ወደ ምድር የገባው ባሕር፣ ተኝቷል፤ ጀልባዎቹ ነጭ ሸራቸውን ዘርግተው ደሴቶቹ መሀል ይንሳፈፋሉ። መንገዱ ቋጥኙን እየዞረ፣ አንዴ ጥድ ውስጥ ገብቶ አንዴ ውሃው አፋፍ ላይ ይወጣል። ይልቃል ከፊቷ ነው የሚነዳው። በየመታጠፊያው ዞር ብሎ ያያታል፤ እሷም እንደሚያያት ስለምታውቅ መታጠፊያ በመጣ ቁጥር ሳትፈልግ ፈገግ ትላለች።

ፎርነቡ ሲደርሱ ቀትር ሆኖ ነበር። ቦታው ድሮ አውሮፕላን ማረፊያ ነበር። ዛሬ የመቆጣጠሪያው ማማ ብቻውን ቆሞ ቀርቷል፤ አውሮፕላን ይንደረደርበት በነበረው ምድር ዳር ዳር ለእግረኛና ለብስክሌት የተተወ መንገድ ባሕሩን ይዞ ይዞራል።

«አባዬና እማዬ እዚህ ነው ያረፉት» አለች ወደ ማማው እያየች። «በፈረንጅ ዘጠና ሰባት። ከካርቱም።»

«ትንሽ ቢታገሡ እኮ እኔንም በሻንጣ ይዘውኝ ይመጡ ነበር» አለ ይልቃል። በካርቱም ያላለፈ የኦስሎ ሐበሻ ጥቂት ስለሆነ በዚህ ነገር መቀለድ ልማዳቸው ነው። እሷም ሳቀች።

ስቃ ሳትጨርስ ከእግሯ ሥር ቋ አለና ፔዳሉ ባዶውን ዞረ። ካቴናው ወልቋል። ይልቃል ብስክሌቷን ገልብጦ በኮርቻው አቆመና ተንበረከከ። በሁለት ጣቱ አንሥቶ፣ የማርሹ ጥርስ ላይ አስይዞ፣ ፔዳሉን አንዴ አዞረው። ሥራው አንድ ደቂቃ አልፈጀም፤ እጁ ግን እስከ አንጓው ጠቆረ። ናፕኪን አውጥታ ሰጠችው።

«ተይው፣ አይለቅም። ለምጄዋለሁ» አለ። «እኔ ሜሮን ሳይነካኝ ግራሶ የነካኝ ሰው ነኝ።»

«ምን ማለት ነው?»

«እናቴ የምታወራው ነው። ስትስቅ ትዝ የምትለኝ ይቺን ስታወራ ብቻ ነው።» ውሃው አጠገብ ቋጥኝ ላይ ተቀመጠ። «በአርባ ቀኔ ክርስትና የሚያነሳኝ ሰውዬ ብስክሌት ነበረው። እናቴን ከኋላ ጫናት፣ እሷ እኔን አቅፋለች። ዓባይ ድልድይ መሀል ስንደርስ ካቴናው ወለቀ። ቅዳሴው ሊያመልጠን ነው፣ ሰውዬው በጣቱ መለሰው። ውሃ የለ፣ ሳሙና የለ። እንደዚያው ሮጦ ገብቶ ሲቀበለኝ ነጩ ልብሴ ላይ አምስት ጣቱ ታተመ። ቄሱ ‹በዚህ በጥቁር እጅህ ነው ክርስትና የምታነሳው?› ብለው ተቆጡ አሉ።» እጆቹን ወደ ፀሐይዋ አንስቶ አሳያት። «ይኸው፣ ከዚያ ወዲህ አለቀቀኝም።»

የምሥራች አልሳቀችም።

በቤታቸው ጠዋትና ማታ የሚደገም ጸሎት አለ። አባቷ ፊታቸውን ወደ ምሥራቅ አዙረው ሲጨርሱ፣ መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ «በጥቁር እጄ ያነሳሁትን ልጅ ባለበት ጠብቅልኝ» ይላሉ። ቀጥለው የልጁን የክርስትና ስም፣ ከዚያ የእሷን ስም ይጠራሉ። ልጅ ሆና ከእሷ ስም ቀድሞ በሚጠራው ስም ትቀና ነበር። ጥቁር እጅ ማለት ደግሞ ኃጢአተኛ እጅ ማለት ይመስላት ነበር፤ አባቷ ትሑት ሰው ስለሆኑ እንዲያ የሚሉ። ግራሶ ነው ብሎ የነገራት የለም።

«ሰውዬው ማን ይባላል?» አለች።

«እኔ እንጃ። እናቴ ‹አበልጄ› ነው የምትለው። አበልጄ እንዲህ አለ፣ አበልጄ ውጭ ሄደ። በስሙ ስትጠራው ሰምቼ አላውቅም።»

የየምሥራችም አባት ካርቱም የቀረችውን ሴት የሚጠሯት «አበልጄ» እያሉ ነው። የሰው ስም እንዳላት እንኳ የምሥራች አስባበት አታውቅም።

ይልቃል ፊቱን ወደ እሷ አዞረ። ቄሱ ለሥርዓተ ጋብቻው የክርስትና ስማችሁን ይዛችሁ ኑ ብለዋቸዋል፤ እሱ ደግሞ ስሙን በዚህ ዓለም ለአንድም ሰው ተናግሮ አያውቅም። እናቱ ስትሞት «ያስደግሙብሃል፣ ለማንም እንዳትነግር» ብላ አስምላዋለች፣ የስድስት ዓመት ልጅ ደግሞ የማለውን አይረሳም። የክርስትና ስሙን ዛሬ፣ ባሕሩ ዳር፣ ከቄሱም በፊት ለእሷ ሊነግራት ቃል ገብቶላት ነበር። ሳምንቱን ሙሉ የጠበቀችው ይህን ነው።

«አሁን ልንገርሽ?»

«አትንገረኝ።»

«ምነው፣ አስደግሚብኝ አልኩሽ እንዴ?» ብሎ ሳቀ።

«ናይ» አለች። ሲጨንቃት እምቢታዋ በኖርዌይኛ ነው የሚመጣው። «ናይ፣ ይልቃል፣ ዛሬ አይሁን። ከሽማግሌዎቹ በኋላ ንገረኝ። እባክህ።»

ለእሱ የገባው ሌላ ነው። ምሥጢሩን ለመቀበል የተሳቀቀች፣ የከበዳት መሰለው፤ ለዚያም ወደዳት። በጥቁር እጁ አንጓዋን ያዘና ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለ።

«ኃይለመስቀል» አለ። «እናቴ ከሞተች ወዲህ በዚህ ስም የጠራኝ ሰው የለም። አንቺ ጥሪኝ።»

አልጠራችውም። አንጓዋ ላይ የታተሙትን አራት ጥቁር ጣቶች ስታይ ቆየች።

የቤተ ክርስቲያናቸው ሕግ በዚህ ላይ ግልጽ ነው። ክርስትና ያነሳ ሰው ልጆችና ክርስትና የተነሳው ልጅ ወንድምና እህት ናቸው። የተወለዱት ከአንድ ውሃ ነው ይባላል፣ አይጋቡም። ይህን ሁለቱም ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ያውቁታል።

ለአንድ አፍታ ዝም ልትል አሰበች፤ ይህን አልደብቃችሁም። ቄሱ ጋ መሄዱን ትተው የከተማው አስተዳደር፣ ኮሙኑ፣ ቢያጋባቸውስ? ኮሙኑ የክርስትና ስም አይጠይቅም። ስሙ የይልቃል መሆኑን የሚያውቁት ደግሞ እሱና እሷ ብቻ ናቸው። ዝም ብትል ሰባቱ ቀይ ክቦች በሙሉ የእሷ ናቸው። ግን አባቷ ነገም ተነሥተው ያንን ስም ይጠራሉ፣ ከነገ ወዲያም። ባለቤቱ ደግሞ ሳሎናቸው ውስጥ በሌላ ስም ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል።

«አላማረሽም ስሙ?» አለ ይልቃል፤ ድምፁ ትንሽ ተሰብሯል።

«ሲጠራ እየሰማሁ ነው ያደግሁት» አለች። «በየቀኑ፣ ጠዋትና ማታ። ጥቁር እጅ የምትለው የአባቴ እጅ ነው።»

ወዲያው አልገባውም። ቀስ እያለች፣ አንዱንም ሳታስቀር ነገረችው። ጸሎቱን፣ «አበልጄ»ን፣ ብስክሌት ለምን ደጃቸው እንደማይደርስ። አባቷ በዚያ በቆሸሸ እጄ ስለነካሁት ነው ልጁ የጠፋው እያሉ ራሳቸውን ሲወቅሱ እንደኖሩ አሁን እየተናገረች ነው ለራሷም የገባት። እሱ ውሃውን እያየ ሰማት።

ከዚያ ዞር አለና «በሕይወት አሉ ማለት ነው?» አለ።

መጀመሪያ የጠየቀው ይህን ነው። እኛስ አላለም። ፊቱ ላይ የስድስት ዓመት ልጅ ደስታ በርቶ ነበር፤ ወዲያው ምን እንደጠየቀ ታወቀውና ደንግጦ አጠፋው። የምሥራች ግን አይታዋለች። ይሄ ሰው ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ የሚጠራው አባት ሲፈልግ ኖሮ፣ ያገኘው ዛሬ ከእሷ አፍ ነው። ልቧ በዚያች ቅጽበት ተሰበረ። እልህ እንኳ አልያዛትም፣ ምክንያቱም ደስታው ንጹሕ ነበር።

«አሉ» አለች። «ጉልበታቸውን ያማቸዋል እንጂ ደህና ናቸው።»

«ፈልገውኛል?»

«አሥራ አንድ ደብዳቤ ጽፈዋል። የተመለሱትን ቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ አስቀምጠዋቸዋል። ኋላ ላይ የሄደ ሰው ሴትየዋ ሞታለች፣ ልጁ የት እንደገባ አይታወቅም አላቸው።»

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ሲያነሣው ጉንጩ ግራሶ ሆኖ ነበር፣ እንባው በጥቁሩ መሀል መንገድ አበጅቶ ወርዷል። ልትጠርግለት እጇን አነሣችና ተወችው። እንዴት እንደምትነካው ከአሁን ወዲያ አታውቅም።

«ኮሙኑ ያጋባናል» አለ በመጨረሻ። «ቤተ ክርስቲያን ባንሄድስ፣ የምሥራች? ማንም ሳያውቅ።»

«ያጋባናል። ግን ስምህን እንደገና ትቀብረዋለህ። አባዬም ልጃቸውን እያቀፉት ማንነቱን ሳያውቁ ይሞታሉ። ይሄን ትችላለህ?»

ይልቃል ተነሥቶ የተገለበጠውን ብስክሌቷን አቀናላት። እሷም እንዲመልስላት አልፈለገችም፤ እችላለሁ ቢላት እሺ ትለው ነበርና ራሷን ፈራችው።

ወደ ከተማው ሲመለሱ ፀሐይዋ እንደጠዋቱ ነበረች፣ ጀልባዎቹም እንዳሉ ናቸው። ይልቃል እንደገና ከፊቷ ነዳ። በየመታጠፊያው ግን ዞር አላለም። የምሥራች ጀርባውን እያየች ተከተለችው፤ መታጠፊያ በመጣ ቁጥር ትጠብቃለች፣ ያልፋል፣ ቀጣዩን ትጠብቃለች። ምድር ባቡር ጣቢያው ደጃፍ ላይ ወርደው ብስክሌቶቹን ሲገፉ ነው መጀመሪያ የተናገረው።

«ምን ብለሽ ታስገቢኛለሽ?»

«በስምህ።»

«በየትኛው?» አለ። ይህን ሲጠይቃት ነው እንባዋ የመጣው።

ሮመን ሲደርሱ ብስክሌቶቹን ደረጃው ሥር አስደገፉ። የምሥራች በመንገድ ላይ ንግግር አዘጋጅታ ነበር፤ መጀመሪያ ይህን፣ ቀጥሎ ያንን ብላ። በሩን የከፈቱት ግን አባቷ ራሳቸው ሆኑና ሁሉም ጠፋባት።

«አባዬ» አለች። «ኃይለመስቀልን አመጣሁልህ።»

አቶ አቤሴሎም እሷን አላዩም። ከኋላዋ የቆመውን ረጅም ሰው ከእግር እስከ ራሱ አዩት፣ ጉንጩን አዩ፣ ወደ እጆቹ ወረዱ። እሱ እጁን ሊደብቅ ወደ ኋላ ሲያደርግ ቀድመው ያዙት። መዳፉን ገልብጠው በጥፍሮቹ ሥር የገባውን ጥቁር ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ።

«እናትህ አፀደ ናት?» አሉ።

«አዎ፣ አባባ። ዓባይ ድልድይ ላይ ካቴናው ወልቆቦት ነበር አሉ።»

አቶ አቤሴሎም አንድ ድምፅ አወጡና አንገቱ ላይ ወደቁ። ሃያ ስምንት ዓመት የያዙት ልቅሶ ነበር፤ ጎረቤት በሩን ከፍቶ አየ። ወይዘሮ ሮማነወርቅ ከጓዳ እጃቸውን እያበሱ ወጡ። የልጁ ስም ሲጠራ ሰምተው ነበርና በደስታ ሊጮሁ ከንፈራቸውን ከፈቱ። ወዲያው ፊቱን ሲያዩ ከፎቶው አወቁትና እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ዓይናቸው ወደ ልጃቸው ሄደ። የምሥራች ራሷን አንዴ ነቀነቀችላቸው። እናትና ልጅ የተነጋገሩት ይኸው ብቻ ነው፣ ሁሉንም ተነጋግረውታል።

«ብስክሌትህን ምን አደረግኸው?» አሉ አቶ አቤሴሎም፣ ፊታቸውን በእጅጌያቸው እየጠረጉ።

«ታች ነው፣ አባባ።»

«አስገባው፣ ይሰረቅብሃል። እዚህ ኮሪደሩ ላይ ይቁም።» ሶፋው ላይ ከጎናቸው አስቀመጡት፣ እጁንም አልለቀቁ። ስለ እናቱ ጠየቁ፣ ማን እንዳሳደገው ጠየቁ፣ መልሱን ሳይጨርስ ሌላ ጠየቁ። እንዲህ ደስ ብሏቸው የምሥራች አይታቸው አታውቅም። ከበሩ ሳትርቅ ቆማ ታያቸዋለች፤ ሁለቱም ሲያዳምጡ አንገታቸውን በአንድ ወገን ያዘነብላሉ፣ ከዚህ በፊት ልብ ያላለችው ነገር ነው።

«ጊዜውን እግዚአብሔር እንዴት ጠበቀው» አሉ አባቷ። «ነገ እህትህን ሊጠይቁ ሽማግሌ ይመጣል። ወንድ ልጅ ሳይኖረኝ ብቻዬን ልቀመጥ ነበር። አሁን አንተ ነህ ከጎኔ የምትቀመጠው። ሰውየው ምን ዓይነት እንደሆነ አብረን እናያለን። ዘመድ የሌለው ነው ይላሉ፣ እኔ አልወደድኩትም፤ አንተ ግን ጎልማሳ ነህ፣ ትመረምርልኛለህ።»

ይልቃል ዓይኑን አነሣ። ከባሕሩ ዳር ከተነሡ ወዲህ አሁን ገና ነው ያያት። ሊናገር አፉን ከፈተ። እሷ ቀደመችው።

«አይመጣም፣ አባዬ። ለጋሽ ፊሊሞን ደውዬ እነግራቸዋለሁ።»

«ምነው? ምን ሆነ?»

«ዘመድ ተገኘለት» አለች።

አቶ አቤሴሎም ግራ ተጋብተው አንዴ እሷን፣ አንዴ ሚስታቸውን አዩ። ያዩት ነገር አልገባቸውም። የልጃቸውን ጥቁር እጅ በሁለት እጃቸው መሀል እንደያዙ ናቸው።

«ታዲያ እሰየው ነዋ» አሉ።

«እሰየው ነው» አለች የምሥራች፤ እጃቸውን የሚታጠቡበት ሙቅ ውሃ ልታመጣም ወደ ጓዳ ገባች።